ለማንም አልሰጠሁም

አክስቴ ምስጢር ትችላለች። ትልቋ ልጇ ማርገዟን እኛ ዘመዶቿ ያወቅነው ሆዷ ራሱ ሲናገር ነው። ትንሿ ዱባይ ስትሄድ «ባሕር ዳር ሠርግ አለባት» ተባልን፤ እውነቱን የሰማነው አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ነው። የሰው ዓይን አለ፣ ምቀኛ አለ። የአክስቴን የክርስትና ስምማ ከንስሐ አባቷ በቀር የሚያውቀው የለም፤ ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳያውቀው ነው የሞተው። ይህ ሁሉ ያለ ነገር አይደለም። ድሮ ደብተራ በሰው ላይ ለመድገም ሁለት ነገር ይበቃዋል ይባል ነበር፦ የክርስትና ስምና የእናት ስም።

ባለፈው ጥቅምት ታዲያ የዚህችው የአክስቴ ስልክ ጮኸ። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል፤ ሁላችንም ተቀምጠናል። «እናቴ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው። 50 ሺህ ብር ዕጣ ወጥቶልዎታል። አሁን ስልክዎ ላይ ስድስት ቁጥር ይገባል፣ እሱን ብቻ ያንብቡልኝ።» ልጁ ጨዋ ነው፤ በየአረፍተ ነገሩ «እናቴ» ይላል። ቁጥሩ ገባ። ከሥሩ «ይህን ኮድ ለማንም አይስጡ» ይላል። አክስቴ መነጽሯን አስመጣች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ እንደ ዳዊት ቆጥራ ቆጥራ አነበበችለት። «ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ እስቲ ይድገሙልኝ» ሲላት ደገመችለት። እኔ ምን እሠራ ነበር? 50 ሺውን በልቤ እያካፈልኩ ነበር።

አቦሉን ያፈላነው ገንዘብ ይዘን ነው፤ በረካው ላይ ሒሳቧ ባዶ ነበር።

«አክስቴ፣ ለማንም አይስጡ ይላል እኮ!» ብላት ተቆጣች። «ለማን ሰጠሁ? ለማንም አልሰጠሁም! ለመሥሪያ ቤቱ ነው የሰጠሁት!»

መልስ አጣሁላት። ኮዱን የላከው ኮምፒውተር ኮዱን ያውቀዋል፤ የገዛ ደብዳቤዬን መልሳችሁ አንብቡልኝ የሚል መሥሪያ ቤት የለም። ያ ስድስት ቁጥር የእሷን ሒሳብ በሌላ ሰው ስልክ ላይ የሚከፍት ቁልፍ ነው። ስልኩን ዘግታ ራሷ ወደ ድርጅቱ አጭር ቁጥር ብትደውል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ጨዋ ልጅ ላይ ስልክ ይዘጋል እንዴ? ነውር ነው። ደግሞ እግዜር ይስጠው፣ ያላትን ብቻ ነው የወሰደው። ቴሌብር በ2013 ግንቦት ሲጀመር ገንዘብ ማስተላለፊያ ነበር፤ ከ2014 መጨረሻ ወዲህ ብድርም ይሰጣል። ስለዚህ ዛሬ ሒሳብህን የከፈተ ሌባ ያለህን ብቻ ሳይሆን የሌለህንም ሊወስድልህ ይችላል።

ለሌባው ደግነታችን በዚህ አያበቃም። ሱቅ ሄደን ስልካችንን ለባለሱቁ ልጅ እንሰጥና «አንተው ላክልኝ፣ ፒኑ 1984 ነው» እንላለን፤ ተሰላፊው በአንድ ድንጋይ ፒናችንንም የልደት ዘመናችንንም ያገኛል። የመጀመሪያው የገንዘብ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን፣ ኤንፊልድ ሲተከል፣ ፈልሳፊ ነኝ ይል የነበረው ጆን ሼፐርድ ባሮን የምስጢር ቁጥሩን ስድስት አሃዝ ሊያደርገው አስቦ፣ ሚስቱ ከአራት በላይ አልይዝም ስላለችው በአራት አስቀረሁት ብሎ አውግቷል። የእኛ ሰው አራቱንም ይዞ አይቸገርም። ካርዱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፈዋል፤ ካርዱ ሲወድቅ ያገኘው ሰው እንዳይጉላላ።

ኮፒ ቤት ደግሞ አለላችሁ። ሁለት የመታወቂያ ኮፒ የጠየቀ ሦስት ይወጣለታል፤ አንዱ ይጠቁራል፣ ከጠረጴዛው ሥር ይጣላል። በቀደም ለውዝ ገዝቼ በልቼ ስጨርስ፣ ከተጠቀለለበት ወረቀት ላይ አንድ ሰውዬ አፍጥጦ ያየኛል። ጉርድ ፎቶው፣ ስሙ ከነአያቱ፣ የቤት ቁጥሩ፣ አደጋ ቢደርስበት የሚጠራለት ሰው ስልክ ሳይቀር። ትንሽ ጨው ነክቶታል እንጂ ሰውዬው ሙሉ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ለውዝ ሻጯ ጋ ግን ገና አልደረሰም። ለፋይዳ መታወቂያ አሥር ጣታችንንና ሁለት ዓይናችንን አስነሥተን፣ 12 አሃዝ ቁጥር ተቀብለን ስናበቃ፣ ፎቶ አንሥተን ቤት ለሚያገኝልን ደላላ በቴሌግራም እንልከዋለን። ደላላውን እናውቀዋለን? ድምፁን እናውቀዋለን።

አንዳንዴ ለሌባው አዝንለታለሁ። የመርካቶ ኪስ አውላቂ ሙያ ነበረው፤ ሁለት ጣቱን ለማሠልጠን ዓመት ይፈጅበታል፣ ሲያዝም ይደበደባል። የዛሬው ከአልጋው ሳይነሣ «እናቴ» ማለት ብቻ ይበቃዋል። ደብተራውስ ቢሆን ሥር ይምስ፣ ሱባኤ ይገባ አልነበር?

አክስቴን አዲስ ሒሳብ ላስከፍታት ባንክ ይዣት ሄድኩ። ቅጹ «የእናት ስም» ይላል። ግራ ቀኝ አየች። «የእናቴ ስም ምን ያደርግላችኋል?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ደንቡ ነው እማማ» አለቻት ልጅቷ። ወረቀቱን በነጠላዋ ጋርዳ፣ እኔም እንዳላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጻፈች።

ቀጥሎ አዲስ የምስጢር ቁጥር ምረጪ ተባለች። ጥቂት አሰበች፣ አራቱን ቁልፍ ተጫነች፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ወደ እሷ እስኪዞር ድረስ ጠራችኝ።

«1212 ብዬዋለሁ! ብረሳው ታስታውሰኛለህ!»

በሩ ላይ የቆመው ዘበኛም ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።