በመብራት የሚመረመር ማርሽ

በአዲስ አበባ ያገለገለ ፎር ዊል መኪና፣ ማለትም የሞተሩ ኃይል አራቱንም ጎማዎች ሊያዞር የሚችልበት መኪና፣ የሚገዛ ሰው ከሚያደርጋቸው ጥንቃቄዎች ሁሉ ልዩ አድናቆት የሚገባው የዝቅተኛው ማርሽ ምርመራ ነው፤ ከመቀመጫ ሳይነሡ፣ ጎማም ሳያንቀሳቅሱ በጣት ብቻ ይጠናቀቃልና። ገዥው ማዞሪያውን «ኤል 4» ወደሚለው ምልክት ሲያዞረው በዳሽቦርዱ ላይ አንዲት መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ደላላውም «ይኸው፣ ይሠራል» ብሎ ያበሥራል፤ ከዚያም ጉባኤው ወደ ዋናው ቁም ነገር፣ ይኸውም ወደ ቀለሙና ወደ መቀመጫው ቆዳ ይሻገራል።

ዝቅተኛ ማርሽ የሚባለው ከካምቢዮው ቀጥሎ ባለው የኃይል ማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ የሚገኝ፣ የጎማውን ፍጥነት ቀንሶ የመጎተት ጉልበቱን የሚያበዛ የጥርሶች ጥምረት ነው፤ በጂፕ ራንግለር ሩቢኮን ለምሳሌ ቅነሳው 4 ለ 1 በመሆኑ ጎማው በዚያው የሞተር ዙር የሚሽከረከረው በሩብ ፍጥነት ነው። በቀድሞዎቹ መኪናዎች ጥርሱን የሚያስገባው በእጅ የሚሳብ ዱላ ነበር፤ በብዙዎቹ ዘመናዊዎች ግን ማዞሪያው ትእዛዝ ብቻ ያስተላልፋል፤ ኮምፒውተሩ መኪናው መቆሙንና ማርሹ ኒውትራል ላይ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ በሳጥኑ ላይ የተገጠመውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ያዛል፣ ሞተሩ ጥርሱን ይገፋል፣ ሴንሰሩም ጥርሱ ቦታው መድረሱን መልሶ ያሳውቃል። ስለዚህ ብልጭ ድርግም የምትለው መብራት ሥራው መጀመሩን እንጂ መፈጸሙን አትመሰክርም፤ የመፈጸሙ ምልክት መብራቷ ሳትቆራረጥ መጽናቷ ሲሆን፣ ይህን ለመጠበቅ ግን የሥራ ሰው ጊዜ የለውም።

ይህን ጥበብ ያልተረዱ ነገረኞች ሌላ ፈተና ያቀርባሉ። እነርሱ እንደሚሉት መኪናው ወደ ጠጠር ወይም አፈር መንገድ ተወስዶ፣ ቆሞ፣ ኒውትራል ገብቶ፣ መብራቷ እስክትጸና ተጠብቆ ሊነዳ ይገባል፤ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው በእግረኛ ፍጥነት ከሄደ ማርሹ ገብቷል፣ እንደ ወትሮው ከፈጠነ ግን አልገባም፤ ወደ ከፍተኛው ማርሽ መመለሱም እንዲሁ መታየት አለበት። በደረቅ አስፋልት ላይ ይህ እንዳይሞከር የሚከለክሉትም በኩርባ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚጓዙት ርቀት ስለሚለያይ፣ እንደ ልብ መንሸራተት ያልቻሉት ጎማዎች ጥርሶቹን ስለሚያስጨንቋቸው ነው። የዚህ ሐሳብ ድክመት ግልጽ ነው፤ ጫማን አቧራ ያስነካል፣ ከዚህም የከፋው፣ ጉድለትን ከክፍያ በፊት ሊያሳይ ይችላል።

ከግዢ በኋላም ጥንቃቄው አይላላም። የአንዳንድ ቶዮታዎች መመሪያ መጽሐፍ የፊት ጎማዎችን የሚያዞረው ክፍል ቅባት እንዲያገኝ በየወሩ ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር በፎር ዊል መንዳትን ሲመክር፣ ባለቤቱ ግን ያልተነካ ማርሽ አያልቅም በሚል ፍልስፍና ዓመቱን ሙሉ ያሳርፈዋል። «ያልተገላበጠ ያራል» የሚለው የአበው ቃል ለቂጣ እንጂ ለኤሌክትሪክ ሞተር የተነገረ አይመስለውም፤ ሞተሩ ግን በእርጥበትና በሥራ ፈትነት ዝጎ ይያዛል፣ የሽቦዎቹ መገናኛም አፈር ይገባበታል።

የምርመራው ትክክለኛነት የሚፈተነው እንግዲህ በክረምት፣ መኪናው በመረሬ አፈር ውስጥ እስከ ወገቡ ሲሰምጥ ነው። በዚያ ሰዓት ባለቤቱ መጸጸት አይገባውም፤ በግዢው ቀን በምርመራ ያላባከነው ጊዜ ሁሉ ተጠራቅሞ፣ ከትራክተር ባለቤቱ ጋር ስለ መጎተቻው ዋጋ እስኪመሽ ለመከራከር ይበቃዋል።