ገልብጠህ እየው

አባቴ ጫማ ሰፊ ነበር። መርካቶ ውስጥ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ወስፌውንና ማስቲሹን ዘርግቶ እኔንና ሦስት እህቶቼን አሳደገን። ደንበኛ ጫማ ሲያቀብለው ከላይ አያየውም፤ መጀመሪያ ይገለብጠዋል። «ቀለም ተቀብቶ የማያምር ጫማ የለም፤ ገልብጠህ እየው» ይለኛል። ይህን የሰማሁት ስንት ሺህ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ስኮትላንድ ውስጥ፣ በሚያስፈልገኝ ቀን ግን ረሳሁት።

ግላስጎው የሚኖር የሥራ ባልደረባዬ ሎክ ሎመንድ ሐይቅ ዳር ባለችው ባልማሃ በምትባል መንደር ሊያገባ ሆነና ሚዜ አድርጎ ጠራኝ። ሚዜዎቹ ሁሉ ኪልት እንዲለብሱ፣ በማግስቱም ጠዋት ከነኪልታችን ከመንደሩ በላይ ያለውን ኮኒክ ሂል እንድንወጣ ተነገረን። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። ነጠላ ለለቅሶና ለሠርግ የሚለበስበት መንገድ እንደሚለያይ እያወቅሁ ነው ያደግሁት። የሌላውን አገር ልብስ እንደነገሩ ጣል አድርጌ መሄድ አልፈለግሁም።

ኪልት ከሩቅ ጉርድ ቀሚስ ይመስላል። ሲለብሱት ግን ሌላ ነገር ነው። ለአንድ ሰው ሰባት ሜትር ገደማ የሱፍ ጨርቅ ይሄዳል፤ ከኋላ እጥፍ በእጥፍ ተደርድሮ ይሰፋል፣ ከፊት ለጥ ብሎ ይደራረባል፣ ጫፉ ጉልበት ላይ ያርፋል። ወገብ ላይ ሲታጠቁት ጋቢ ሁለት እጥፍ የደረቡ ያህል ይከብዳል። የጎሳ ጥለት ስለሌለኝ «ብላክ ዋች» የሚባለውን ጥቁር ሰማያዊና አረንጓዴ መረጥኩ፤ ያን ማንም ይለብሰዋል። ኮቱን፣ ሱፍ ካልሲውን፣ ከፊት የሚንጠለጠለውን የቆዳ ከረጢት አንድ በአንድ ለካሁ። ጫማው ግን በመጨረሻ በላስቲክ ከረጢት ተሰጠኝና ሳልከፍተው ተቀብዬ ወጣሁ።

የተከራየሁት ጫማ ጊሊ ብሮግ ይባላል። ምላስ የለውም። ረጅሙ ማሰሪያ በቁርጭምጭሚት ላይ ተጠምዝዞ ባት ላይ ይታሰራል፤ ጫፉ ላይ ዘርፍ አለው። ሶሉ ለስላሳ ቆዳ ነው። በሠርጉ ማታ በእንጨት ወለል ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ስንጨፍር እንደዚያ ያለ ጫማ ከየት ይገኛል! ይሽከረከራል፣ ይንሸራተታል፣ እግር አይደክምም።

ጠዋት ዝናብ ነበር። ኮኒክ ሂል 361 ሜትር ነው፤ ለእንጦጦ ልጅ ኮረብታ ነው። ዌስት ሃይላንድ ዌይ የሚባለው 154 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ በትከሻው ላይ ያልፋል። መሬቱ ግን ተንኮለኛ ነው። የደጋውንና የቆላውን ስኮትላንድ የሚለየው የመሬት ስንጥቅ በሥሩ ያልፋል፤ ድንጋዩም ድቡልቡል ጠጠር እንደ ዳቦ ውስጥ ዘቢብ የተለጠፈበት ነው፤ ሲረጥብ ሳሙና ነው። መውጣቱን ወጣሁ። ከላይ ሆኜ የሐይቁ ደሴቶች በዚያው ስንጥቅ መስመር ተሰልፈው አየሁ፤ ከኢንችካሎክ እስከ ኢንችመሪን፣ አንድ እጅ የደረደራቸው ይመስላሉ።

የወደቅሁት ስወርድ ነው። ጭቃው ምላስ በሌለው ጫማ ከላይ ገብቶ ካልሲዬን አርሶት ነበር። የረጠበው ማሰሪያ ላልቶ ተንሸራተተና በሌላው እግሬ ረገጥኩት። ለስላሳው ሶል ደግሞ የሚቆነጥጠው ነገር አልነበረም። በጎኔ ወደቅሁ፤ የግራ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ፤ ስንት ሰው በጥንቃቄ የሰፋው እጥፋት ጭቃ ውስጥ ተነከረ። ከሕመሙ ይልቅ የቆረቆረኝ ጨርቁ ነው።

ያነሱኝ የሙሽራው አጎት ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ። እሳቸውም ኪልት ለብሰዋል፤ ጫማቸው ግን ወፍራም ቡናማ ቆዳ ነው። ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝና «ልጄ፣ ይኸ የጭፈራ ጫማ ነው፤ ማን ነው ወደ ተራራ ያመጣው?» አሉኝ፤ ቁጣ የለበትም፣ እንደ ሐኪም ነው የጠየቁኝ። ከዚያ እግራቸውን አነሱና ሶላቸውን አሳዩኝ። አባቴን ያየሁት ያኔ ነው።

ብሮግ የሚለው ቃል ራሱ ከጌሊክ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ጫማ ማለት ነው። ኤድመንድ በርት የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1754 በታተሙት ደብዳቤዎቹ፣ የስኮትላንድ ደገኞች ወንዝ የሚሻገሩበት ረጅም መንገድ ሲኖርባቸው ውኃው እንዲወጣላቸው አዲስ ጫማቸውን ሳይቀር ይበሱት እንደነበር ጽፏል። ዛሬ በጫማ ፊት ላይ ለጌጥ የምናያት ቀዳዳ ያኔ እግር እንዳይላጥ የምታደርግ ነበረች። ኪልቱን በ1746 የወጣ ሕግ ከለከለው፤ እስከ 1782 ድረስ ከወታደር በቀር ማንም ደገኛ መልበስ አልተፈቀደለትም። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ ዋልተር ስኮት ድግሱን አሰናዳ፤ ኪልትም የአዳራሽ ክብር ልብስ ሆኖ ደመቀ። እኔ እንደሚመስለኝ የኪራይ ቤቱ ጫማ የዚያ አዳራሽ ልጅ ነው። የአጎትየው ጫማ ደግሞ የጭቃው።

እግሬ ሲሻለኝ የራሴን ኪልት ለማሰፋት ገንዘብ ማጠራቀም ጀመርኩ፤ አስቀድሜ ግን ጫማ ፍለጋ ወጣሁ። እዚህ ላይ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ሱሪ ጫማን ይሸፍናል፤ የሚታየው አፍንጫው ብቻ ነው። በኪልት ግን ከጉልበት በታች ሁሉም በግልጽ ይታያል። ቀጭን ጫማ ከዚያ ከባድ ሱፍና ከወፍራሙ ካልሲ በታች ሲገባ ሰውዬው በሁለት እንጨት ላይ የቆመ ያስመስለዋል። የተራራ ቡትስ ደግሞ ካልሲውን ግማሽ ድረስ ይውጠዋል። የሚያስፈልገው ከቁርጭምጭሚት በታች የሚቀር፣ ግን ሰፊና ክብደት ያለው ጫማ ነው፤ ማሰሪያው ተከፍቶ የሚላላ፣ ቆዳው እህል የተበተነበት የሚመስል ሻካራ፣ ቀለሙ ለቀን ቡናማ።

ኖርዝሃምፕተን የተሰራ፣ ሰው ያደረገው ጫማ በአንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ አገኘሁና ለአባቴ በቪዲዮ ደወልኩ። ዓይኑ ደክሟል፤ ጫማ ሲያይ ግን ይበራል።

«አባባ፣ እስቲ ይህን እየው።»

«ገልብጠው» አለኝ።

ገለበጥኩት። ከላይኛው ቆዳና ከሶሉ መሀል ዙሪያውን የተሰፋች የቆዳ ጠፍር ነበረች። አባቴ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «አልተለጠፈም፤ ተሰፍቷል። ሶሉ ሲያልቅ ከጠፍሯ ፈትተው ሌላ ይሰፉለታል። ማስቲሽ ብቻ ቢሆን ተወው እልህ ነበር። ቆዳው የበሬ ነው አይደል? የበግ ሌጦ ለጓንት ነው።» የደጋችን በግ ሌጦ ለጓንት በዓለም የታወቀ መሆኑን ሳይጨምር አላለፈም።

ሶሉ ላይ ተከራከርን። አባቴ ጥርሱ የጠለቀውን፣ ኮማንዶ የሚሉትን ወደደ። የዚያን ዓይነት ጎማ የፈጠረው ቪታሌ ብራማኒ የተባለ ጣሊያናዊ ተራራ ወጪ ነው፤ በ1935 ስድስት ጓደኞቹ በአልፕስ ተራራ ከሞቱበት በኋላ፣ በረዶና ድንጋይ የሚቆነጥጥ ሶል ሲያስብ ከርሞ በ1937 አወጣው። ታሪኩን ስነግረው አባቴ ዝም አለና «ነፍሳቸውን ይማር» አለ። እኔ ግን በእጄ ያለውን መረጥኩ፤ ማርኬት ሃርቦሮ የሚሠራ ዴይናይት የሚባል ጎማ ነው፤ ክብ ክብ ጉብታ አለው፣ ከጎን ሲታይ ቀጭን ነው፣ ጭቃም ብዙ አይዝም። ቤተ ክርስቲያንም ኮረብታም ይወስዳል።

ሁለተኛው ስህተቴ እዚያው ሱቅ ውስጥ ተሠራ። ጫማውን የለካሁት በስስ የቢሮ ካልሲ ነበር። ቤት ገብቼ የኪልቱን ወፍራም ሱፍ ካልሲ ሳደርግ ጣቶቼ ተጣበቡ። ጫማ ሰሪ ዘንድ ወስጄ በቅርጽ እንጨት ሁለት ሳምንት አስወጠርኩት። ኪልት የሚገዛ ሰው ካልሲውን በኪሱ ይዞ ጫማ ይለካ፤ ይህን ለማንም እመክራለሁ።

በመስከረም ኮኒክ ሂልን ደገምኩት፤ ብቻዬን፣ የራሴን ኪልት ለብሼ። ዘነበ። የወደቅሁባት ድንጋይ ላይ ቆሜ ሐይቁን አየሁ፤ አልተንሸራተትኩም። ማታ ጭቃ የጠጣውን ጫማ ገልብጬ ፎቶ አነሳሁና ላኩለት። ወዲያው ደወለ።

«ምላሱን ወደ ውጭ አውጣና ጋዜጣ ጠቅጥቅበት። እሳት አጠገብ እንዳታስጠጋው፤ ቆዳው ይሰነጠቃል። ጠዋት ጋዜጣውን ቀይርለት።»

ጠዋት ቀየርኩለት።