የሳሎን ባሕር

ሜሪላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ሳሎኑ ውስጥ ባሕር አለው። አንበሳሜ ተወልዶ ጉማራ ወንዝ ላይ ሲዋኝ ያደገ ሰው፣ ዛሬ ለአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው እየመዘነ በመስታወት ገንዳ ባሕር ይጠምቃል። አክስቴ ይህን ሲሰሙ፣ «ዓሣውን ሳይጠብሱት ነው እንዴ ጨው የሚነሰንሱበት?» አሉ።

ሰሞኑን ደውሎ ምርር አለ፤ ኮራሎቹን አልጌ ወረሳቸው። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። የሚያስቀው ነገር ደግሞ በገላው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ከብርሃን ምግብ እየሠሩ የሚያበሉት መሆናቸው ነው። ያስቸገረው ከውጭ የሚለጠፈው ጸጉራሙ አልጌ ነው፤ ብርሃኑን ጋርዶ ያፍነዋል። ዘመዴ ታዲያ ማታ ማታ የጥርስ ብሩሽ ይዞ ኮራል ሲፍቅ ያመሻል። ሚስቱ፣ «ምነው የልጆቹን ጥርስ እንዲህ ቢፍቅልኝ!» ትላለች።

«እናንተማ ምን አለባችሁ!» አለኝ።

ምን አለብን? ጣና አለብን እንጂ! እንቦጭ የሚሉት አረም ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን ዞሮ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ጣና ላይ ታየ። አበባው ለፎቶ ያምራል። ገበሬው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅለዋል፤ ማሽንም ተሞክሯል። አረሙ ግን ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ 20 ዓመት ያህል ተኝቶ ሊበቅል ይችላል። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያየሁት በመሬት ተከራካሪ ብቻ ነው።

ሁለቱን የሚያሰባቸው አንድ ነው፤ ናይትሬትና ፎስፌት። የእኛን ከጉና ተራራ ወደ ጣና የሚወርደው ጉማራ አፈርና ማዳበሪያ ጠርጎ ያመጣዋል፤ የከተማ ፍሳሽም ይጨመርበታል። የእሱን ያመጣው ደግሞ ደግነቱ ነው። የአንበሳሜ ልጅ «በሞቴ!» ሳይል ማብላት አይሆንለትም፤ ዓሣዎቹንም ያጎርሳል! የተረፋቸው በስብሶ አልጌውን ይቀልባል።

አልጌ የሚግጥ ቀንድ አውጣ ሊገዛ አስቧል። አልተቃወምሁም፤ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይም እንቦጭ የሚበላ ነቀዝ ተለቅቆ ረድቷል። ግን መጀመሪያ ጉርሻውን ቀንስ አልሁት።

ለእኛም ፍርዱ ያው ነው። መንቀሉ አይቅር፤ ነገር ግን ተራራው ላይ እርከን ሳንሠራ፣ ከታች ፍሳሹን ሳንገታ ብንነቅል፣ በአንድ እጃችን እየነቀልን በሌላው ስናጎርሰው እንኖራለን።