የተቀያሪ ዓምድ የሌለው ደብተር

ንስሐ የሚገባ ሰው ኃጢአቱን ለማስታወስ ይቸገር ይሆናል። እኔ አልቸገርም፤ በደብተር ጽፌ አስቀምጬዋለሁ። ደብተሩ ሽፋኑ ጠንካራ ነው፤ ፊቱ ላይ በትልልቁ «ኢትዮጵያ ቡና» ብዬ ጽፌበታለሁ። እንጀራዬ የሂሳብ ሥራ ስለሆነ መስመር ማስመርና ዓምድ ማበጀት አይከብደኝም። ቀን፣ ተጋጣሚ፣ ውጤት፣ ጎል አግቢ፣ ጎሉ የገባበት ደቂቃ፣ በመጨረሻም «የተፈጸመብን በደል»። ይህ የመጨረሻው ዓምድ ከሁሉም ሰፊ ነው፤ እንዲያም ሆኖ አይበቃኝም፣ በኅዳጉ ላይ እየዞርኩ የምጽፍበት ጊዜ ይበዛል።

አንድ ዓምድ ብቻ የለውም፤ የተቀያሪዎች። የዛሬው ኑዛዜዬ ስለዚያ ዓምድ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ደብተሬ ሠርግ ቤት ነበር። አቡበከር ናስር ብቻውን 29 ጎል አገባ። ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ዓ.ም. ያስመዘገበው የ24 ጎል ክብረ ወሰን ሃያ ዓመት ተከብሮ ኖሮ በእሱ እግር ተሰበረ። የጎል አግቢውን ዓምድ «አቡበከር»፣ «አቡበከር» እያልኩ መሙላት ቢሰለቸኝ «ከላይ እንደተጠቀሰው» የሚል ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። ዋንጫውን ግን ፋሲል ከነማ ወሰደው፤ እኛ ሁለተኛ ሆንን። እንዲህ ያለ አጥቂ ይዞ ሁለተኛ የሚወጣ ቡድን የጎደለው ነገር ሌላ ቦታ እንዳለ ለማወቅ የሂሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። እኔ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ፤ አላወቅኩም።

በዓመቱ አቡበከር ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የመሄዱ ነገር ቁርጥ ሆነ፤ የ2014 ዓ.ም. ውድድር ሲያበቃም ሄደ። ኳስ ከበረኛው እግር ተነስታ በቅብብል እንድትወጣ ያስተማረን አሠልጣኝ ካሳዬ አራጌም በዚያው ክረምት ተለየን። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ አይጣል ነው፣ ከጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ደብተር ያለው ሰው እኔ ነኝና።

«እህሳ፣ ማን ይተካው?»

ከኪሴ እስክሪብቶ አወጣሁ። ሶፍት ዘረጋሁ። እንደ ሐኪም ጉሮሮዬን ጠራርጌ አሰላለፍ መጻፍ ጀመርኩ። በረኛ፦ «ከዩጋንዳ የሚመጣ»። አጥቂ፦ «ከጋና የሚመጣ»። ግራ ተከላካይ፦ «ያ ልጅ»። ቀኝ ተከላካይ፦ «ያኛው ልጅ»። አማካይ ላይ ስደርስ «ያ አጭሩ» ብዬ ጻፍኩና ራሴም ደነገጥኩ። ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ፓስፖርት እንጂ ስም የላቸውም፤ ሦስቱ ደግሞ የሰፈር ጠቋሚ የሚናገርባቸው ይመስላሉ። አንዱ ጓደኛዬ «ከጋና ማን?» ብሎ ጠየቀኝ። «ማንም ይሁን» አልኩት። አሁን ሳስበው የዚያን ቀን የተናገርኩት እውነት ይቺ ብቻ ነበረች። የመጣበት አገር እስከተጠራ ድረስ ሰውየው ማንም ቢሆን ግድ አልነበረኝም።

ማታ ቤት ስገባ የእህቴ ልጅ፣ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ሶፍቱን አንብቦ «አጎቴ፣ ሁለተኛው በረኛችን ማነው?» አለኝ።

«ሁለተኛ በረኛ የሚፈለገው የመጀመሪያው ሲጎዳ ነው፤ በሰው ክፉ አትመኝ» ብዬ ገሠጽኩት። የአርሰናልን ሦስተኛ በረኛ ቢጠይቀኝ ኖሮ ከተወለደበት ከተማ ጀምሬ እተርክለት ነበር።

ትምህርት ሳላገኝ ቀርቼ አይደለም። ደብተሩን ወደ ኋላ ልግለጠው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ አልቅሼበታለሁ፤ የአዳነ ግርማና የሳላዲን ሰዒድ ስም እስከ ዛሬ ቀለሙ እንደፈሰሰ ነው። ቀጥሎ ያለው ገጽ ዋንጫው የተካሄደበት ደቡብ አፍሪካ ነው። ከዛምቢያ ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ በረኛችን ጀማል ጣሰው ገና ከዕረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዘሪሁን ታደለ ተተካ። በሁለተኛው ጨዋታ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ቀጣን። በሦስተኛው፣ ናይጄሪያ ላይ፣ ሲሳይ ባንጫ ቆመ። 80ኛው ደቂቃ አካባቢ ፍፁም ቅጣት ምት ገባብን። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሁለተኛ ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠ፤ ሲሳይም ሁለተኛ ቢጫ አይቶ ወጣ። ቅያሪያችን አልቋል። አማካዩ አዲስ ሕንፃ የበረኛ ጓንት አጥልቆ ከቪክቶር ሞሰስ ፊት ቆመ። በሦስት ጨዋታ ሦስት በረኛ ጨርሰን አራተኛውን ከመሐል ሜዳ ተበደርን።

ያን ዕለት ያልኩትን ጎረቤቶቼ ይመስክሩ። በረንዳ ላይ ወጥቼ «ይሄ አገር እንዴት በረኛ አያፈራም!» ብዬ ጮኽኩ። ማን ነው ይህን ያለው? በዚያው ዓመት «ለጊዮርጊስ ሮበርት ኦዶንካራን የመሰለ ዩጋንዳዊ ሲቆምለት ለእኛስ ምነው?» እያለ ሲቀና የከረመው ሰው ነው። በአንድ አፌ የውጭ በረኛ እለምናለሁ፤ በዚያው አፌ ያገር በረኛ ጠፋ ብዬ ሙሾ አወርዳለሁ። የክንፍ ተጫዋች ቢሆን በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ገብቶ እግሩን ያፍታታል። በረኛ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም፤ አንዱ ቆመ ማለት ሌላው ዓመቱን ሙሉ ተቀመጠ ማለት ነው። ወንበር ሲያሞቅ የኖረ ልጅ አንድ ቀን ድንገት ተነስ ተብሎ እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ መንቀጥቀጡን «የተፈጸመብን በደል» በሚለው ዓምድ ሥር እመዘግባለሁ።

ያው ዓመት ሌላም ጉድ አለው። በሰኔ 2005 ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። ዳሩ ምንያህል ተሾመ በቢጫ ካርድ ምክንያት መሰለፍ አልነበረበትም ተባለና ፊፋ ውጤቱን 3 ለ 0 ብሎ ለቦትስዋና ሰጠ። እኔ በየካፌው እየዞርኩ «ሁለት ቢጫ መቁጠር ያቅታል?» አልኩ። ጠረጴዛ መታሁ። ቤቴ ገብቼ ደብተሬን ብከፍት የካርድ ዓምድ የሚባል ነገር የለኝም። ለበደል ግማሽ ገጽ የሰጠ ሰው ለቢጫ ካርድ አንድ ጣት ስፋት አልሰጠም። ማን እንደታገደ የማያውቅ ቲፎዞ ማን እንደሚተካው ከየት ያውቃል?

ከሁሉ የሚከብደኝን አቆይቼዋለሁ። በአንድ የውድድር ዘመን፣ ስታዲየም ውስጥ፣ ከታዳጊ ቡድን ያደገ ልጅ በ70ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ገባ። ማልያው ሰፍቶታል። የመጀመሪያዋን ኳስ ለተጋጣሚ አቀበለ። ሁለተኛዋን ከመስመር ውጭ ሰደዳት። ተነስቼ «አውጣው!» አልኩ። ድምፄ ጥሩ ነው፤ በልጅነቴ ዜማ ተምሬአለሁ። ከግራዬ ያሉት ተቀበሉኝ፣ ከቀኜ ያሉት ደገሙት፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አንድ ፎቅ ሙሉ ሰው «አውጣው!» ይል ነበር። ተቀይሮ የገባው ልጅ ተቀይሮ ወጣ። በክረምቱም ወደ ሌላ ክለብ ሄደ። ከዓመታት በኋላ እኛው ላይ ጎል አገባ። ደብተሩ ላይ ስሙን በትክክል ጻፍኩ፤ ከጎኑም በኅዳጉ «እንዲህ ያለውን ልጅ እንዴት ለቀቁት?» የሚል ማስታወሻ አሰፈርኩ። «ለቀቁት» ነው ያልኩት፤ «ለቀቅነው» እንኳ አላልኩም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው።

የክረምቱን ነገር ለምታውቁት አልነግራችሁም። የእኛ ተጫዋች ውል ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ወይም ሁለት ነው። ነሐሴ ሲገባ ቋሚ ተሰላፊዎች እንደ ሠርገኛ ተያይዘው ይወጣሉ፤ በእነሱ ፋንታ ከሌላው ሠርግ ቤት የወጡት ይገባሉ። አሠልጣኙ ሦስት ጨዋታ ከተሸነፈ ወንበሩ እንደሚነቃነቅ ስለሚያውቅ ታዳጊ አሰልፎ መሞከር አይደፍርም። ማንን ፈርቶ ነው? ለብዙ ጊዜ ቦርዱን ነው ስል ነበር። ቦርዱ ደግሞ ማንን ይፈራል? ድምፁ ጥሩ የሆነውን፣ ዜማ የተማረውን ሰው።

ደግሞ ዘመኑ ተቀያሪን የሚፈልግ ሆነ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአንድ ጨዋታ አምስት ተጫዋች መቀየር ተፈቅዷል፤ ግማሽ ቡድን ማለት ነው። ያልተጠበቀ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እንደሚታወቅ ሁሉ፣ ያገር ቤቱን ጓዳ የሚያሳየው ቻን ነው። በየአገሩ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበት ውድድር ስለሆነ ባሕር ማዶ ያለ ልጅ አይጠራበትም። በ2006 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈን፣ አንድም ጎል ሳናገባ ተመለስን። አቡበከር በሄደ በመንፈቁ፣ በጥር 2015፣ አልጄሪያ ላይ ደግሞ ከሞዛምቢክ ያለ ጎል ተለያየን፣ በአልጄሪያ 1 ለ 0፣ በሊቢያ 3 ለ 1 ተሸነፍን። በሦስት ጨዋታ አንድ ጎል። «ከላይ እንደተጠቀሰው» የሚለው ምልክቴ ሥራ ፈታ።

ይህን ሁሉ ተናግሬ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብዬ ብደመድም ያምርብኝ ነበር። ግን ኑዛዜ ላይ መዋሸት ኃጢአት መጨመር ነው። ያንኑ ዓመት ጊዮርጊሶች ዋንጫውን ሲያነሡ ኮከብ ጎል አግቢው ቶጓዊው እስማኤል ኦሮ አጎሮ ነበር፤ ወርቁ ደምቆ አይቼዋለሁ፤ ዓይኔ ቀልቷል። ከውጭ የመጣው ሰውዬ ምንም አልበደለኝም። በደሉ ከእኔ ነው። እሱ ጎን የተቀመጠው ልጅ ማን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ጎትቶ ታዳጊዎች የሚጫወቱበት ሜዳ ወሰደኝ። ጠዋት ነው፣ ሜዳው ጭቃ ነው፣ ተመልካቹ ከሃምሳ አይበልጥም። ደብተሬን ይዣለሁ። ሩብ ሰዓት በጨዋነት ተቀመጥኩ። ከዚያ 7 ቁጥሩ ባዶ ጎል ሳተ፤ ሳላስበው ብድግ አልኩ።

«ኧረ ይሄን ልጅ ማን አመጣው?»

አጠገቤ ነጠላ የተከናነበች ሴት ዣንጥላዋን ዘወር አድርጋ አየችኝ። «እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ ወንድሜ» አለች። «ከቃሊቲ ተነስተን፣ ሁለት ታክሲ ይዘን።»

የምገባበት ጠፋኝ። የእህቴ ልጅ ፊቱን በሹራቡ ሸፍኖ ይስቃል። ሴትየዋ ግን አልተቆጣችም፤ ከቦርሳዋ ቆሎ አውጥታ ዘገን አደረገችልኝ። «ትናንት አሞት አድሯል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፤ «እንዳይቀይሩት ብሎ ለአሠልጣኙ አልተናገረም።» ስድሳ ደቂቃ ሲሞላ ቀየሩት። ጎል አላገባም። ሲወጣ አጨበጨብኩ፤ እጄ ስላለመደ ድምፁ እንደ ድምፄ አላማረም። እሷም ሳቀችብኝ መሰለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ ሁለተኛው በረኛችንን አወቅከው?» አለኝ። «ዝናቡ እየመጣ ነው፣ ቶሎ ቶሎ እንራመድ» አልኩት። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ማታ ማስመሪያ አምጥቼ የበደሉን ዓምድ ለሁለት ከፈልኩት፤ በግማሹ አናት ላይ «ተቀያሪ» ብዬ ጻፍኩ። እስካሁን አንድ ስም ሰፍሮበታል። እሱንም የነገረችኝ እናቱ ናት።