ያለ አንዳች ማመንታት

ፌርፋክስ ላይ፣ በኦሎምፒክና በፒኮ መሃል ካሉት የኛ ምግብ ቤቶች በአንዱ ተቀምጠን ቶናው ሲቀዳ ነው ልጁ ስልኩን ወደ እኔ ያዞረው። «ጋሼ፣ እርስዎ ምንም አይድከሙ። እኔ ራሴ ጽፌዋለሁ፤ ኮፒ፣ ፔስት፣ በቃ።»

መነጽሬን አውጥቼ አነበብኩት። እኔ ስለ እሱ በሊንክድኢን የምሰጠው ሪኮሜንዴሽን ነው። ከእሱ ጋር በቅርብ የመሥራት ዕድል ገጥሞኛል ይላል። እንደ እሱ ያለ ባለ ራዕይ መሪ በዘመኔ አላየሁም ይላል። ለየትኛውም ድርጅት ያለ አንዳች ማመንታት አቀርበዋለሁ ብሎ ይዘጋል።

በቅርብ መሥራታችን እንኳን እውነት ነው። አምና በአንድ ሰርግ ላይ ታጣፊ ወንበር ከመኪና አብረን አውርደናል። እሱ ሁለት እንዳወረደ ስልክ ተደወለለት፤ የቀረውን እኔ አወረድኩ። ባለ ራዕይ መባሉም ሐሰት አይደለም፤ ሥራው ከሩቅ ታይቶታል።

ልለጥፈው ስል ማሽኑ ጥያቄ አመጣ። ከዚህ ሰው ጋር ምን ነበራችሁ ነው የሚለው። አለቃው ነበርኩ፣ በሥሩ ነበርኩ፣ በአንድ ክፍል ሠርተናል፣ ደንበኛው ነበርኩ፤ ምርጫው ተደርድሯል። «የእናቱ ጎረቤት ነበርኩ» የሚል ግን የለም። ልጁ አላቅማማም፦ «‹አለቃው ነበርኩ› ይበሉት ጋሼ፤ ያምራል።» አለቃ ያልነበርኩ ሰውዬ በስልሳ ሦስት ዓመቴ፣ በአንድ ስኒ ቡና ተሾምኩ።

ይህን ልማድ የሚያሙ አሉ። እኔ አላማም። እንዲያውም ያደግነው አብረን ነው። ይኸ ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት የተሰየመው በ2002 ነው፤ ሊንክድኢንም በዚያው ዓመት መጨረሻ እዚሁ ካሊፎርኒያ ተመሥርቶ በሜይ 2003 ለሕዝብ ተከፈተ። (የአሜሪካውን ነገር በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ ሊንክድኢን ጳጉሜን አያውቅም።) ማይክሮሶፍት በ2016 ሊገዛው ሲስማማ የቆረጠው ዋጋ 26.2 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው ለኮምፒውተሩ አይመስለኝም፤ እርስ በርስ ስለምንባባለው ነገር እንጂ።

የሀገር ቤቱን ወግ የሚናፍቁ ሽማግሌዎች ግን አሁንም «ተያዥ» ይላሉ። ለማያውቅ ልጅ ላስረዳ። አዲስ አበባ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ወይም ንብረት ክፍል ሆኖ ሊቀጠር የሚፈልግ ሰው ተያዥ አምጣ ይባላል። ተያዡ ከራሱ መሥሪያ ቤት ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ከነማኅተሙ ያጽፋል፤ ጉርድ ፎቶግራፍና መታወቂያ ይዞ ሄዶ ይፈርማል። ሰውየው ገንዘብ ይዞ ከጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው። አጎቴ አንድ ጊዜ ለአንድ ገንዘብ ያዥ እንዲሁ ፈረመ። ከመፈረሙ በፊት ሦስት ቀን ጠይቋል፦ የማን ልጅ ነው፣ የት ይጠጣል፣ ስንት ሰዓት ቤቱ ይገባል፣ ዕቁቡን በጊዜው ይጥላል ወይ። ሁሉም ደህና ነው ተባለ። ሰውየው በሁለተኛው ዓመት ከነካዝናው ቁልፍ ተሰወረ። አጎቴ ደመወዙ እየተቆረጠ ዓመታት ገፋ። ወር በገባ ቁጥር፣ የቀረችለትን ብር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እየቆጠረ፣ ያንን ሰው በስሙ ይጠራው ነበር። በዛሬው ቋንቋ «በሕይወቴ ላይ ዘላቂ አሻራ ያሳረፈ ባልደረባ» ማለት እሱ ነው።

ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው! ስለ አንድ ሰው ለመመስከር ሦስት ቀን መጠየቅ፣ ከዚያም መክፈል። እኛ እዚህ ቶና ሳይበርድ እንጨርሰዋለን፤ ከቡናው በቀር የሚከፈልም የለም።

ሕጉም ቢሆን ድርቅ ያለ ነው። የሀገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ አሠሪ ለሚለቅ ሠራተኛ በነጻ ማስረጃ ይስጥ ይላል። ማስረጃው ምን ይይዛል ቢሉ ምን ይሠራ ነበር፣ ስንት ጊዜ ሠራ፣ ስንት ይከፈለው ነበር። አለቀ። «ብርቱ» የለ፣ «ትጉህ» የለ፣ አንድ ቅጽል እንኳ ለመድኃኒት የለም። የአሜሪካኖቹም ኤችአር ከዚህ አይሻልም። ክስ ስለሚፈሩ ብዙዎቹ ድርጅቶች ስለ ቀድሞ ሠራተኛቸው ሲጠየቁ የገባበትን ቀን፣ የወጣበትን ቀንና የሥራ መደቡን ብቻ ተናግረው ስልኩን ይዘጋሉ። በካሊፎርኒያ የሥራ ሕግ አንቀጽ 1050 መሠረት ዋሽቶ የቀድሞ ሠራተኛውን ሥራ ያሳጣ አሠሪ ወንጀል ፈጽሟል። ስለዚህ ስለ ሰው ክፉ መዋሸት ያስከስሳል። ደግ ደጉን መዋሸትስ? እሱ ጨዋነት ነው።

እርግጥ በ1997 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሙሮክ በተባለ የትምህርት ቤት ዲስትሪክት ስም በሚጠራው ጉዳይ፣ ሌላ ነገር ብሏል። የቀድሞ አሠሪዎች ስለ አንድ የትምህርት ቤት ኃላፊ የደረሳቸውን የብልግና አቤቱታ ደብቀው በምስጋና የታጨቀ ደብዳቤ ጻፉለት፤ ሰውየው በዚያ ደብዳቤ ሌላ ትምህርት ቤት ተቀጠረ፤ እዚያም በ13 ዓመት ተማሪ ላይ ጥቃት አድርሷል ተብሎ ተከሰሰ። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን አሳሳች ምስጋና የጻፈ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ሊጠየቅ ይችላል አለ። እዚህ ላይ መቀለድ አልችልም። እንለፈው።

ሊንክድኢን ለምስጋና የሚፈቅደው እስከ 3,000 ፊደል ነው። የጻፍኩት ደግሞ ተመስጋኙ ካልፈቀደ አይወጣም፤ ካላማረው እንዲስተካከል ይመልስልኛል። ተከራካሪው የምስክሩን ቃል እያረመ የሚመልስበት ችሎት የትም አላየሁም። የኛ ሽማግሌዎች ይህን ቢያውቁ ኖሮ የስንቱ የወሰን ክርክር በአንድ ቀን ባለቀ!

ለመጻፍ ሰነፍ ለሆነ ደግሞ በ2012 ከዚህ የቀለለ መጣ፤ ኢንዶርስመንት። የአራት ሰው ፊት በአንዴ አሰልፎ እገሌ ይህን ያውቃል ወይ፣ እገሊትስ ያንን ትችላለች ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር። መጫን ነው። እኔ ለ19 ዓመት መኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ትኬት የቆረጥኩ ሰው ነኝ። የእህቴ ልጅ ፕሮፋይል ስታወጣልኝ «የከተማ ተሽከርካሪ ፍሰት ኃላፊ» አለችኝ፤ ችሎታዬ ውስጥም «ስትራቴጂያዊ ዕቅድ» ጨመረች። በዓመቱ 23 ሰው መሰከረልኝ። አንዱ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው፤ ተያይተን አናውቅም። እሱ ስትራቴጂዬን ከየት እንደሰማ ሳስበው ኩራትም ይሰማኛል፣ ትንሽም እፈራለሁ።

ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ቀን ይጽፋል። ልጁን ያመሰገንኩት ማክሰኞ ነው። እሱ እኔን «የሁላችንም አርአያ» ያለኝም ማክሰኞ ነው። እከክልኝ ልከክልህ መቼም ጥንትም ነበር፤ ሰዓት ፊርማ ግን አልነበረውም። የሌሎቹንም ገጽ ብታዩ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የምታገኙት፤ አመስጋኝ ከነተመስጋኙ በአንድ ሳምንት፣ እንደ ቃል ኪዳን።

አንድ ወዳጄ ይኸ ያው የአዝማሪ ሥራ ነው ይለኛል። ለአዝማሪ አዘንኩ። አዝማሪ ግንባሩ ላይ ብር የለጠፈለትን ሲያወድስ የሚያወድሰው ሰው ፊቱ ቁጭ ብሏል፤ ጫማውን ያያል፣ ቦርጩን ያያል፣ ብሩን ስንት ጊዜ እንዳገላበጠው ያያል። ካሻውም በውዳሴው ሥር መርፌ ይሰካል፤ ቤቱ ይስቃል፤ ሰውየው ዘግይቶ ይገባዋል። ሊንክድኢን ላይ ያለው ሰሙ ብቻ ነው፤ ወርቁን የሚያስቀምጥበት የለም። እስቲ ልሞክርለት ብዬ ለልጁ ሁለት መስመር ጨምሬለት ነበር። አንዱ «ችግር ብቻ አይደለም፣ ሥራም ይፈታል» ይላል። ሁለተኛው «የመሥሪያ ቤቱን ንብረት እንደ ራሱ ንብረት ነው የሚያየው» ይላል። ደስ ብሎት «እንዴት ያለ አገላለጽ ነው ጋሼ!» አለና በማሽን አስተርጉሞ ለጠፈው። ሰሙ ባሕር ተሻገረ፤ ወርቁ ፌርፋክስ ላይ ቀረ።

የማይረባ አመስጋኝ ማየት ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ። ጆናታን ጎልድ የሚባል የምግብ ሐያሲ ነበር፤ በ2007 የፑሊትዘርን ሽልማት በምግብ ሐያሲነት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘ፣ በ2018 ያረፈ። እዚሁ መንገድ ላይ ወይዘሮ ገነት አጎናፍር የከፈቱትን «ሚልስ ባይ ገነት» እና ዶሮ ወጣቸውን ለከተማው ያስተዋወቀ እሱ ነው። እንዴት አድርጎ ነው ቢሉ፣ እየመጣ እየበላ! ቁጭ ብሎ፣ እንጀራ ቆርሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ተመልሶ መጥቶ ደግሞ በልቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው ስሙን ከሥሩ የሚያኖረው። ያ ሁሉ ድካም ለምን? ወይዘሮ ገነት ራሳቸው ጽፈው ቢልኩለት ይቀል አልነበረም እንዴ፤ ኮፒ፣ ፔስት፣ በቃ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ቅዳሜ ጠዋት ልጁ ደወለ። አፓርታማ አግኝቷል፤ ባለቤቱ ግን ክሬዲቱ አጭር ነው ብሎ ሌላ ፈራሚ አምጣ አለው።

«ጋሼ፣ ኮሳይን ቢያደርጉልኝ? ለወረቀቱ ያህል ነው።»

አጎቴ ትዝ አለኝ። ጠረጴዛው፣ የተዘረጋችው ብር።

«ልጄ» አልኩት፣ «አሥራ አራት ሰው እኮ ያለ አንዳች ማመንታት አቅርቦሃል። አንድ ሁለቱን ብትጠይቅስ?»

«ጠየቅኳቸው ጋሼ። ስልክ አያነሱም።»

«ደመወዝህ ስንት ነው አሁን?» አልኩት። ጠይቄው አላውቅም ነበር። ነገረኝ። «ስንት ወር ሠራህ?» ነገረኝ። ስለ እሱ ማወቅ የነበረብኝን ነገር ሁሉ በግማሽ ደቂቃ ሰማሁ፤ ሁለቱም መልስ ደህና ነበር፣ ክፉ አልነበረም። እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠራረግኩና ነገ ልደውልልህ አልኩት።

ስልኩን እንደዘጋሁ ጸጸት ነገር ያዘኝ፤ ባዶ እጁን ልሰደው አልፈለግሁም። ሊንክድኢንን ከፈትኩ። የልጁን ችሎታዎች ወደ ታች ሳብ ሳብ አድርጌ «ታማኝነት» የምትለዋን አገኘሁና ተጫንኩለት። ከእኔ በፊት 31 ሰው ተጭኖላታል።

አንድ ደቂቃ አልሞላም፣ ስልኬ ጮኸች። ልጁ መልሶልኛል፤ «ውሳኔ ሰጪነት» ላይ ነው የመሰከረልኝ።