የአያ ጅቦ ሱሪ

ሰበታ እየኖሩ ልጅ ለማጫወት አዲስ አበባ መውጣት፣ ለእኔ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ውኃ እንደ መግዛት ነው። የወጨጫ ተራራ ደቡብ ምዕራብ ጎን ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለልን። ይህንን ለእህቴ ልጆች ስነግራቸው ትንሹ «ዥዋዥዌ አለው?» አለኝ። እህቱ ቀጠለች፦ «ሸርተቴስ?»

«የንጉሥ ጫካ ነው» አልኳቸው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዘሩን ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። በኋላም አፄ ምኒልክ እንዳይጨፈጨፍ ከልክለዋል። እኔ እዚህ ላይ ትንሽ መመሰጥ አምሮኝ ነበር፤ ንጉሥ ያሠራው ስንት አዳራሽ ፈርሶ ንጉሥ ያስተከለው ጥድ ቆሞ መቅረቱ ይገርመኛል። ልጁ ግን «ጉድጓዱን ራሱ ነው የቆፈረው?» ብሎ አፈር አስገባኝ።

ከዋናው የጅማ መንገድ ከወጣን በኋላ ስላለው ጭቃ ባላወራ ይሻላል።

ልጆቹን ይዤ የሄድኩት በቂም ነው። ቂሜ አንድ መዝናኛ ግቢ ውስጥ ባየሁት የሲሚንቶ አንበሳ ላይ ነው፤ ጥርሱ ረግፏል፣ ጎፈሬው ቡኒ ቀለም ተቀብቷል፣ አንገቱ ላይ ደግሞ «መውጣት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሎበታል። ታዲያ ለምን ተሠራ? ሆላንዶች በ1952 እ.ኤ.አ. ኤፍቴሊንግ በሚባል ቦታ የተረት ጫካ ከፍተው፣ ሠዓሊው አንቶን ፒክ የተረት ቤቶችን ነድፎላቸው፣ ይኸው ዛሬም ልጅ ይጎርፍላቸዋል። እኛ ጫካውም ተረቱም አለን። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ሲተርቱልን ግን ሁላችንም ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለን ነው የሰማነው። ተረት በእግር መሮጥ፣ በዛፍ ሥር መሸሸግ አለበት ባይ ነኝ።

ደኑ ውስጥ ጥዱና ዝግባው ሰማዩን ሸፍኖታል፤ ጉሬዛዎች ነጭ ካባቸውን አንጠልጥለው ከላይ ይታዘቡናል። ልጅቷ ወዲያው እመት ጦጢት ሆና ተሾመች። እኔ አያ አንበሶ፣ ያለ ሥራ የሚያገሳ። መንገድ የሚመራን የአካባቢው ወጣት «ጋሼ፣ ማታ ማታ ዋራቤሳ፣ ጅቡ ማለቴ ነው፣ በዚህ ያልፋል» ሲለኝ፣ ትንሹ «በቃ እኔ አያ ጅቦ ነኝ!» አለ።

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ስንደርስ ያን ተረት አነሣሁላቸው፦ ከግራም ከቀኝም የሥጋ ሽታ የመጣበት ጅብ፣ አንዱም እንዳያመልጠው አንድ እግሩን በግራ፣ አንዱን በቀኝ መንገድ ሰድዶ ሲሄድ መሐል ለመሐል መሰንጠቁን። አያ ጅቦ በጥሞና ሰማኝ። ከዚያም ቀኝ እግሩን ወደ ላይኛው፣ ግራ እግሩን ወደ ታችኛው መንገድ አደረገ። እመት ጦጢት በቀኝ በኩል «ሥጋ! ሥጋ!» ትላለች፤ መሪያችንም ነገሩ ጥሞት በግራ በኩል በኦሮምኛ «ፎን! ፎን!» ይላል። ልጁ ተለጠጠ፣ ተለጠጠ፤ ቷ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ሱሪው ከቀበቶ ማስገቢያው እስከ ጉልበቱ ተከፈለ። ጉሬዛዎቹ ሳይቀሩ ተበተኑ። አያ ጅቦም ከሥጋው ይልቅ እናቱን አስታውሶ አለቀሰ።

ነጠላዬን አገለደምኩት። ወደ ሰበታ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እማማ የልጁን እንባ፣ ግልድምና የጭቃ እግር አይተው «ልጄ ምን ሆኖ ነው?» አሉ።

እህቱ ቀልጠፍ ብላ «ጅብ ሆኖ ነው» አለቻቸው።

«በስመ አብ!» ብለው አማተቡና ወደ መስኮቱ ተጠጉ። «እና አሁን ለቀቀው?»

ላስረዳ ብዬ አፌን ስከፍት «ጫካ ውስጥ ሥጋ ሸቶት ነው» ብላ ጨመረችበት። ከፊታችን የተቀመጡት ዞረው አዩን። ረዳቱ የሁሉንም ሂሳብ ሰበሰበ፤ የልጁን ግን ሳይጠይቀን ሰበታ ደረስን።