ነገረ አሸን

«እንደ አሸን ፈላ» የሚለው ሰው እንደ አሸን የበዛ ሆኖ ሳለ፥ አሸንን ራሱን ከመብራት ሥር አስቀምጦ ወገቡንና ቀንዱን የመረመረ ሰው አለመገኘቱ ስላሳዘነኝ፥ ባለፈው ሰኔ ከባድ ዝናብ ባባራበት ምሽት ከበረንዳዬ አምፑል ሥር በርጩማ፥ ውሃ የሞላ ጎድጓዳ ሳሕንና አጉሊ መነጽር አሰናድቼ ለምርምር ተቀመጥሁ።

ጥያቄው ይህ አሸን የተባለው ክንፋም ፍጥረት የጉንዳን ወገን ነውን ወይስ የምስጥ የሚል ነበር። ሁለቱም ከዝናብ በኋላ ለጋብቻ ክንፍ አውጥተው ከጉድጓድ ይወጣሉና በሩቅ አይለዩም፤ ቀርቦ ላያቸው ግን የምስጡ አራት ክንፎች እኩል፥ ወገቡ ደንዳና፥ ቀንዱም እንደ መቍጠሪያ ዶቃ በተርታ የተሰካ ሲሆን፥ የጉንዳኑ የፊት ክንፍ ከኋላው የሚረዝም፥ ወገቡ በመቀነት እንደ ታሰረ የሰለለ፥ ቀንዱም እንደ ክርን የታጠፈ ነው።

ችግሩ ምስጡ መሬት እንደ ነካ ክንፎቹን ከሥራቸው ሰብሮ ይጥልና፥ ወንዱ ሴቲቱን ተከትሎ ጉድጓድ ፍለጋ ሲሄድ፥ ለመርማሪው ባለቤት የሌላቸው ክንፎች ብቻ ይተርፉታል። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔዎስ በ1758 እ.ኤ.አ. ነፍሳትን በክንፋቸው በሰባት ክፍል ሲደለድል፥ ምስጥን ክንፍ የለሽ ብሎ ከቁንጫና ከቅማል ጋር መመደቡ፥ በሰኔ ምሽት በረንዳችን ላይ አለመቀመጡን ያስረዳል።

ክንፉን ስለ ምን ይጥላል ቢሉ፦ አንድም ሙሽራ ከቤቱ ከገባ በቅሎ አያሻውም ሲል ነው፤ አንድም በጠባብ ጉድጓድ ክንፍ እንቅፋት ስለሚሆንበት ነው፤ አንድም ለመርማሪ እንዳይመች ነው። እኔ ወደ ሦስተኛው አደላለሁ።

ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ያዩኝ ጎረቤቴ እማማ፥ «ምን ጠፋብህ ልጄ?» አሉኝ።

«አሸን እየለየሁ ነው፥ እማማ።»

«አሸን ከአሸን ምን ይለያል? ቢለይማ አሸን ይባል ነበር? ይልቅ መብራቱን አጥፋው!»

ብርቱ ተቃውሞ ስለ ሆነ አጠፋሁት፤ ያን ጊዜም የምርምሬ ርእስ በሙሉ ተነሥቶ ወደ እርሳቸው መብራት ተዛወረ።

ሲነጋ በሳሕኑ የቀረውን ማስረጃ ልሰበስብ ብወጣ፥ የእማማ ዶሮ ጉንዳን ሳትል ምስጥ ሳትል ሥጋ ሥጋውን ለቅማ ጨርሳ፥ ክንፎቹን ብቻ ከመንቁሯ እያራገፈች ትታልኛለች።